ሦስተኛው መስመር

አንዲት ሴት በሆሳዕና ከተማ፣ በሳሎኗ ጥግ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አላት። ጡረታ ከወጣች በኋላ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ራሷ ጫነችበት፤ ራሷም ተማረችው። በውስጡ ያለው ምንድን ነው? መዝሙር ነው። አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉበት ዘመን፣ እናቶቻችን በር ቆልፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በካሴት የቀዱት መዝሙር። ካሴቶቹ ዛሬ የሉም። ገሚሱን ቴፕ በላው፤ ገሚሱን ሻጋታ። የገጠር መዘምራኖቻችን በስልካቸው የሚሰሙት ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ሳሎን ነው።

ባሕር ማዶ ብዙ ዓመት ተምሬ ስመለስ፣ ስለ ነፍስ ጥበቃ ከአንድ ሳሎን እማራለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ተሳስቻለሁ፤ በመሳሳቴም እኮራለሁ። ስሙኝማ።

ይህ ኮምፒውተር ጠባቂ አለው። ጠባቂው ፕሮግራም ነው። የእያንዳንዱን ፋይል መልክ መዝግቦ ይይዛል፤ በየጠዋቱ የዛሬውን ከተመዘገበው ጋር አስተያይቶ፣ ሊገባ የሞከረውንም ቆጥሮ ሪፖርት ይልክላታል። አንድ ጠዋት ባሏ ሪፖርቱን አነበበና ቁርሱን ትቶ ተነሣ።

«ዘነበች! አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ሊገቡብን ሞክረዋል! አለቀልን!»

«ሞክረው ምን ሆኑ?»

«እ?»

«ጨርሰህ አንብበው እንጂ።»

«የይለፍ ቃሉ የተሳሳተ ነው... አልገቡም ይላል።»

«ታዲያ ያንኳኳ ሁሉ ገባ እንዴ? በየቀኑ ያንኳኳሉ። የዓለሙን በር ሁሉ ሲነካኩ የሚውሉ ፕሮግራሞች ናቸው። በሩ እንደያዘ ነው የነገረህ፤ ሻይህን ጠጣ።»

እሷ ግን ንባቧን ቀጠለች። ከታች ሦስት አጫጭር መስመሮች ነበሩ፤ ሦስቱም «ተለውጧል» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከማሽኑ የእድሳት መዝገብ ጋር አመሳከረች። ማሽኑ ራሱን ሲያድስ የለወጣቸው ናቸው፤ ሰዓቱም ገጠመ። ሦስተኛው ግን የመዝሙር ፋይል ነው። መዝሙርን እድሳት አይነካውም። ማን ነካው? መዝገቡን ከፈተች። ትናንት ከእራት በኋላ በትክክለኛው የይለፍ ቃል የገባ አንድ ሰው አለ፤ ሄራሞ።

ጋሼ ሄራሞ! የአኮርዲዮን ተጫዋቻችን፣ እነዚያን መዝሙሮች ያቀናበሩት ሽማግሌ። የመዝሙሮቹን ርዕስ እንዲሞሉ ብላ የይለፍ ቃል የሰጠቻቸው እሷው ናት።

«ጋሼ ሄራሞ ከሆኑማ ምን አለ» አለ ባሏ። «የታወቀ ነው ብለሽ መዝግቢው።»

እንዲህ የሚያደርግ ትእዛዝ አለ፤ አንድ መስመር ብቻ ነው። ከዚያ ጠባቂው አዲሱን መልክ እንደ ትክክለኛው ይይዘዋል፤ ስለዚያ ፋይል ዳግመኛ አይናገርም። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ማሽኑ የተለወጠውን በመጠባበቂያው ዲስክ ላይ ይገለብጠዋል፤ የቀድሞውም ይጠፋል።

መዝሙሩን ከፍታ ሰማችው። ጥርት ብሏል። መካከሉ ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ መልሳ ደግማ ሰማችው። የእናቷ ሳቅ የለም።

በዚያ መዝሙር ላይ አኮርዲዮኑ አንድ ቦታ ይስት ነበር። ዘማሪዋ፣ የእሷ እናት፣ ሳቋ ያመልጣትና «ሄራሞ፣ እንደገና!» ትላለች። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። ሳቋ የተቀዳው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ምን ታድርግ? ትለፈው? ሽማግሌ ናቸው፤ ይሉኝታ አለ። በስውር ትመልሰው? ያም ሌላ ስርቆት ነው። የመጠባበቂያውን ዲስክ ነቅላ ከላፕቶፗ ጋር በቦርሳዋ ከተተችና ቤታቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ትናንት አንድ መዝሙር ነክተዋል?»

«ነክቻለሁ። ምነው፣ ሌባ ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ ጋሼ! ማሽኑ እኔን ጠየቀኝ፤ እኔም እርስዎን ጠየቅሁ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ያቺን ስሕተቴን አገር ይሰማታል። ቆረጥኋታ! የሳተው የእኔ ጣት አይደለም? አንቺ ምን አገባሽ?»

«እስቲ የቆረጡትን አንድ ጊዜ ይስሙልኝ።»

ከዲስኩ የቀድሞውን ከፈተችላቸው። አኮርዲዮኑ ሳተ። ሴትዮዋ ሳቀች። «ሄራሞ፣ እንደገና!»

ጋሼ ሄራሞ ቆባቸውን አወለቁ። «የራሴን ስሕተት ብቻ ነበር የምሰማው» አሉ። «የእሷን ሳቅ እንዴት ሳልሰማው ቀረሁ? መልሺው።»

ልትወጣ ስትል ከኋላዋ ጠሯት። «ዘነቡ! ከእንግዲህ የእኔን ስም ስታዪ፣ ጋሼ ናቸው ብለሽ እንዳታልፊው። ጠይቂኝ።»

ወገኖቼ፣ በእነዚህ ሰዎች እኮራለሁ። ደፍራ የጠየቀችው ትበልጣለች ወይስ ተጠይቀው የተቀበሉት? እኔ እስከ ዛሬ አልወሰንሁም።

እናንተስ? «ጠላት በዛብኝ፣ ጸልዩልኝ» ትሉኛላችሁ። ደጅ ሆኖ የሚያንኳኳውን ትቆጥራላችሁ። በሰጣችሁት ቁልፍ የገባውንስ ማን ይቁጠረው? የምትወዱት ልማድ አለ። የምታከብሩት ሰው ምክር አለ። ሲገቡ ድምፅ አያሰሙም። ያን ጊዜ ኅሊናችሁ አጭር ነገር ይላችኋል፤ ተለውጧል። ገና አልከሰሳችሁም፤ እየጠየቃችሁ ነው። ይህን ታውቀዋለህ? ይህን ታውቂዋለሽ?

ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የታወቀ ነው። በሥራ ቦታ እዋሻለሁ፤ ሁሉም ይዋሻል፤ የታወቀ ነው። የታወቀ ነው፣ የታወቀ ነው! ጠባቂውም ይታዘዛችኋል። ዝም ይላል። እናንተም ዝምታውን ሰላም ብላችሁ ትጠሩታላችሁ።

እኔ ብዙ የምጠራጠር ሰው ነኝ። ይህን ግን አልጠራጠርም፤ እግዚአብሔር በጥያቄ አይቆጣም። ሂዱና ጠይቁ። እናንተንም ሊጠይቅ የሚመጣ ይኖራል። ያን ጊዜ «ምን አገባህ» ከማለታችሁ በፊት ወንበር ስጡት፤ አድምጡትም። ከሕይወታችሁ ቆርጣችሁ የጣላችሁት ስሕተታችሁን ብቻ እንደሆነ በምን እርግጠኛ ሆናችሁ?