አያ ሻረውና ባዶው መንጠቆ

አንድ ጊዜ ዝናቡ በወቅቱ ጥሎ፣ ሣሩ እስከ ጉልበት አድጎ፣ በሐይቁ ዙሪያ አንድም ከብት ሳይሞት የከረመበት ዓመት ነበር። ለላሙም ለአህያውም የጥጋብ ዘመን ሆነ። ለጅብ ግን ረሃብ ገባ። የሚሞት በሌለበት አገር ጅብ ምን ይበላል?

በዚያ አገር አያ ሻረው የሚባል ጅብ ከሚስቱ ከአንጓችና ከልጁ ከትርንጎ ጋር ይኖር ነበር። አያ ሻረው ሆዱ ሰፊ፣ አሳቡ አጭር ነው። ቢሆንም ቤተሰቡን ይወዳል። ትርንጎ ሆዷን ይዛ ስትተኛ እያየ መቀመጥ ቢያቅተው፣ አንድ ማለዳ ወደ ሐይቁ ወረደና የእመት ቀበሮን ደጅ ጠና።

በአካባቢው ታንኳ የነበራት እሷ ብቻ ነች። ታንኳው የተሠራበትን ደንገል አህያ አጭዶላታል፤ ጦጣ አስራላታለች። እሷ ራሷ ግን እጇን ውሃ ነክቶት አያውቅም።

«እመት ቀበሮ፣ ታንኳዎን ያውሱኝ። ልጄ በረሃብ ልታልቅብኝ ነው» አላት።

«አውስሃለሁ። ከምትይዘው ግማሹ የእኔ ነው።»

«ግማሹ? ኧረ እመት ቀበሮ!»

«ሌላ ታንኳ ያለው ካወቅህ ወደዚያ ሂድ» አለችው ፈገግ ብላ።

ሌላ ታንኳ ያለው ስላልነበረ ተስማማ። ቀበሮም አሠራሩን አስረዳችው።

«ስማኝ፣ አያ ሻረው። ረጅም ክር ከኋላህ ትለቃለህ። ጫፉ ላይ ባለው መንጠቆ ትንሽ ዓሣ ትሰካለህ። ታንኳው ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ትንሹ ዓሣ ከኋላ እየተጎተተ የሚዋኝ ይመስላል። ትልቁ ዓሣም ሊበላው ይከተላል። አትቸኩል። ታንኳው ላይ አትቁም። ክሩንም ሳይነከስ አትሳብ። የቀረው የዓሣው ሥራ ነው።»

ይህን ብላ መንጠቆ ላይ የሚሰኩ ትንንሽ ዓሦች በቅል ሞልታ ሰጠችው። አያ ሻረው ቅሉን ሲያይ ምራቁን ዋጠ። ቀበሮም ሲውጥ አየችው።

ሦስቱም ተሳፈሩ። አንጓች ከፊት ተቀምጣ ትቀዝፋለች። ትርንጎ ቅሉን ታቅፋ መሐል ተቀምጣለች። አያ ሻረው ከኋላ ክሩን ይዟል። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ ትርንጎም ታንኳ ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ስለነበር ደስ ብሏት በለሆሳስ ታዜም ጀመር።

ጥቂት እንደሄዱ የአያ ሻረው ሆድ ጮኸ። ከኋላው በመንጠቆ የሚጎተተውን ትንሽ ዓሣ አሰበ። ትልቅ ዓሣ ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል? ይሄኛው ግን አለ። አንጓች ጀርባዋን እንደሰጠች ክሩን ቀስ ብሎ ሳበ፤ ትንሹን ዓሣ ከመንጠቆው ላቀቀና ዋጠው። ባዶውን መንጠቆ መልሶ ወረወረ።

«ነጠቀኝ!» አለ ጮክ ብሎ። «አንዱ በልቶብኝ ሄደ። ትርንጎ፣ ሌላ ስጪኝ።»

ትርንጎ ከቅሉ አውጥታ ሰጠችው። ዜማዋ ቆም ብሎ ነበር፤ እንደገና ቀጠለች። አያ ሻረው ያንንም በላ። የሚቀጥለውንም በላ። ቅሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ «ነጠቀኝ» ማለቱን አልተወም።

አንጓች እጇ ዝሎ መቅዘፊያውን አሳረፈች። «ይህን ሁሉ ዞረን አንድ እንኳ አልያዝንም? ምንድን ነው ነገሩ?»

አያ ሻረው ደነገጠ። ዓይኑ መሐል የተቀመጠችው ልጁ ላይ ወደቀ።

«ምን ላድርግ? ይቺ ልጅ በዘፈን ዓሣውን ሁሉ አባረረችው!»

አንጓች ወደ ኋላ ዞራ ልጇን ተቆጣች። «አንቺ ልጅ! ረሃብ ላይ ሆነን ትዘፍኛለሽ? አፍሽን አትይዢም?»

ትርንጎ አባቷን ቀና ብላ አየችው። አያ ሻረው ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ። ልጅቱ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ባዶውን ቅል አቀፈች።

እመት ቀበሮ ከዳር ጠበቀቻቸው። «የታለ ግማሼ?» አለች።

«ልጄ እየዘፈነች አስበረገገችብኝ» አለ አያ ሻረው።

ቀበሮ ጠጋ ብላ አየችው። ጢሙ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል። «እንግዲያው ነገ ልጅቱ ከእኔ ጋር ዳር ትቀመጥ። እናንተ ሁለታችሁ ሂዱ» አለችና አዲስ ትንንሽ ዓሦች አዘጋጀች።

በማግስቱ ባልና ሚስት ብቻቸውን ወጡ። አያ ሻረው ዛሬስ አልነካም ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር። ማለዳውን ሙሉም ታገሠ። ግን ከዳር ብዙም ሳይርቁ ሲመላለሱ ሆዱ እንደገና ጮኸና አሸነፈው። አንጓች ዞር አለማለቷን አይቶ ክሩን መሳብ ጀመረ።

ለካ ትልቅ ነጭ ዓሣ ከኋላ እየተከተለ ኖሯል። ምግቡ ሊያመልጠው መሆኑን ሲያይ ተወርውሮ መንጠቆውን ዋጠው። ክሩ ተወጠረ። አያ ሻረው ከእጁ እንዳያመልጠው ብድግ ብሎ ታንኳው ላይ ቆመ። ታንኳው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ አንጓች ከነመቅዘፊያዋ ውሃ ውስጥ ገባች።

አንጓች ዋና አታውቅም። አንዴ ሰጠመች፤ ብቅ አለች። «ሻረው!» አለች። «ሻረው፣ ያዘኝ!»

አያ ሻረው ሚስቱን አየ። ክሩንም አየ። ዓሣው ትልቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዓሣ በሕልሙም አይቶ አያውቅም። እጁ አልላላም።

ያን ጊዜ ከዳር የትርንጎ ጩኸት ተሰማ። «አባዬ! ልቀቀው! እማዬን! እማዬን!»

አያ ሻረው ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ብርግግ አለ። ክሩን ለቀቀና በሆዱ ተኝቶ፣ አንጓችን ማጅራቷን በጥርሱ ይዞ ጎትቶ አወጣት። ዓሣው ክሩንም መንጠቆውንም ይዞ ወደ ጥልቁ ሄደ። ነፋሱ ቀስ እያለ ገፍቶ ደንገሉ ዳር አደረሳቸው።

ዳር ላይ አንጓች የጠጣችውን ውሃ ስታስመልስ ቆየች። ትርንጎ አንገቷ ላይ ተጠምጥማለች። አንጓች ትንፋሿ ሲመለስ ባሏን አየችው።

«ክሩን ስትስበው ተሰምቶኛል። ዓሣው ሳይነክስ ነው የሳብከው። ለምን?»

አያ ሻረው ጢሙን ጠረገ።

እመት ቀበሮ ጅራቷን እያስተካከለች በቀስታ ጠየቀች። «ትናንት ልጅቱ ዘፍና ነው አላችሁ። ዛሬስ ማን ዘፈነ?»

ያን ጊዜ ትርንጎ ከእናቷ አንገት ቀና አለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ዳር ሆኜ ሳዜም ነበር። ምናልባት ድምፄ ደርሶ ይሆናል።»

ቀበሮ አፏን ያዘች። ልጅቱ ማለዳውን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጣ ቃል አለመተንፈሷን ታውቃለች። አያ ሻረውም ገባው። ልጁ ዛሬም እሱ የጫነባትን ተሸክማ ልትቀጥል ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«ልጄ፣ ተይ» አለ። «አንጓች፣ ትናንት የበላሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም እኔ ነኝ የበላሁት። ዛሬም ልበላ ስስብ ነው ይህ የሆነው። ልጅቱ ምንም አላደረገችም።»

ወደ ትርንጎ ዞረ። «አይተሽኝ ነበር?»

«ከፊትህ ነበርኩ እኮ፣ አባዬ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እማዬ ፊት እንዳታፍር ብዬ።»

አያ ሻረው በሕይወቱ ብዙ ተሰድቧል፤ ብዙ በድንጋይ ተባርሯል። እንደዚያች ቃል የቆረጠው ግን አልነበረም። ቀና ማለት አቃተው። አንጓች ስለ ትንንሾቹ ዓሦች አልተናገረችም። «ስጠራህ ክሩን ታይ ነበር» ብቻ አለችውና ልጇን ይዛ ወደ ቤት ሄደች።

እመት ቀበሮ የራሷን ነገር አልረሳችም። «ለጠፋው ክርና መቅዘፊያ አንድ ክምር ደንገል ታጭድልኛለህ» አለችው። «ነገ ሌላ ክር እሰጣለሁ፤ የምሰጠው ግን ለልጅቱ ነው።»

አያ ሻረው የደንገሉን ክምር አጨደ። በማግስቱ ሦስቱም እንደገና ተሳፈሩ። አሁን የሚቀዝፈው እሱ ነው። ለክሩ ጀርባውን ሰጥቶ ከፊት ተቀመጠ፤ አንጓች መሐል ሆነች፤ ትርንጎ ከኋላ። አንጓች ከትናንት ጀምሮ አላናገረችውም። ውሃው እንደ መጀመሪያው ቀን ጸጥ ብሏል።

«ትርንጎዬ» አለ ሳይዞር፣ «ማዜም ብትፈልጊ አዚሚ። ዘፈን ዓሣ አያባርርም።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች። ግን አላዜመችም። እሱም ደግሞ ሊጠይቃት አልደፈረም። አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ ቀዘፈ።

ብዙ ከሄዱ በኋላ «ነከሰ!» አለች ትርንጎ። አያ ሻረው መላ ሰውነቱ ዝለል ዝለል አለው። መቅዘፊያውን ጨብጦ ባለበት ተቀመጠ።

«ምን ላድርግ?» አላት።

«ቀስ በል፣ አባዬ። አሁን መቅዘፉን አቁም። አሁን ደግሞ ትንሽ ቅዘፍ።»

ያለችውን ብቻ አደረገ። ዓሣው ሲጎትት ትለቅለታለች፣ ሲደክም ትስባለች። በመጨረሻም እናትና ልጅ ተጋግዘው ታንኳው ላይ አወጡት። ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ ነበር። አያ ሻረው ዞሮ አላየውም።

ዳር ሲደርሱ የተራቡ ጅቦች ወሬ ሰምተው ተሰብስበዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ «ጎሽ፣ አያ ሻረው! አባት ማለት እንዲህ ነው። እንዴት አድርገህ ያዝከው?» አለው።

አንጓች ባሏን አየችው። ትርንጎ መሬት መሬት አየች። እመት ቀበሮም ግማሿን ለመቀበል ቢላዋ እየሳለች ጆሮዋን አቀናች።

«የያዘችው ልጄ ናት» አለ አያ ሻረው። «እኔ የምቀዝፈው በክር ስለማልታመን ነው። መንጠቆ ላይ የሚሰካውን በልቼ በልጄ አሳብቤያለሁ። ሚስቴ ስትሰጥም ክር ይዤ ቆሜያለሁ።»

ጅቦቹ በሳቅ ፈነዱ። የጅብ ሳቅ ደግሞ ሩቅ ይሰማል፤ ከሐይቁ ማዶ እንኳ የሰማ አለ። አያ ሻረው ጆሮውን ጥሎ ቆመ። አልተቆጣም፤ አልሄደምም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም፤ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

ቀበሮ ግማሿን ወሰደች። አንጓች የቀረውን ዓሣ በደንገል አሰረችና ተነሣች። ትንሽ ከሄደች በኋላ ቆም አለች።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው፣ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ና እንጂ ተሸከም።»

አያ ሻረው ዓሣውን ተሸክሞ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ተከተላቸው።

ከዚህ የምንማረው የራሳችንን ጥፋት በትንሹ ላይ ስንጭን፣ ትንሹ ስለ ፍቅር ብሎ ዝም ቢለን እንኳ ጥፋቱ ከእኛ ላይ እንደማይወርድና በገዛ አፋችን እስክንናገረው ድረስ እየከበደ እንደሚሄድ ነው።