የሾላው ጥላና ቀናተኛው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ አዝመራው ተሰብስቦ የበጋው ፀሐይ በበረታበት ወቅት፣ እንስሳት በመንግሥት ደን ውስጥ ባለ አንድ ሐይቅ ዳር ሰፍረው ጥቂት ሊያርፉ ተነሡ። የደኑ ጠባቂ አንበሳ፣ «ሐይቁ ዳር እስካላችሁ ማንም ማንንም አይነካም፤ እርጥብ ዛፍም አይቆረጥም» ብሎ ፈቀደላቸው።

አያ ጅቦ ከሁሉ ቀድሞ ስለ ደረሰ ምርጡን ቦታ ያዘ። ከላይ የሾላ ጥላ፣ ከታች ለምለም ሣር፣ ፊት ለፊት ውሃው። ስንቁን፣ አንድ ሙሉ የበሬ ታፋ፣ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ተጋደመ።

እመት አህያ ዘግይታ መጣችና የተረፈውን ያዘች፤ ድንጋያማ፣ ነፋስ የሚመታው ጥግ ነበር። አልከፋትም። የወደቀ ጭራሮ ለቃቅማ ትንሽ ዳስ ሠራች። ከዚያ ልትዋኝ ስትወርድ አንሸራቷት ጭቃው ውስጥ ዘፍ አለች። ከማንም ቀድማ የሳቀችው እሷው ነበረች።

ድኩላ ሳቁን ሰምታ መጣች። ጦጣ ተከተለች። ዳክዬዎች ዋና ሊያስተምሯት ቀረቡ። አመሻሽ ላይ ሁሉም ዳሷ ደጃፍ ተሰብስበው ጨዋታ ያዙ።

አያ ጅቦ ከሾላው ሥር ሆኖ ያያል። ለምለሙ ሣር ኮሰኮሰው። ሳቃቸውን በሰማ ቁጥር አንጀቱ ያርራል። «ይህች ጭነት ተሸካሚ ምን አግኝታ ነው?» እያለ አንገቱን ያሰግጋል። ወደ እሱ አንድም ጎረቤት ብቅ አላለም፤ እሱም ቢሆን ማንንም «ና» አላለም።

ቀበሮ ታፋውን እያየች ጠጋ አለችው።

«አያ ጅቦ፣ ፊትህ ጠቁሯል፤ አሞሃል እንዴ?»

«እኔን ምን ያመኛል? ያ ቦታ ግን አንድ ነገር ሳይኖረው አይቀርም። ቀድሜ መጥቼ እንዴት አመለጠኝ?»

«አለው እንጂ» አለች ቀበሮ። «ታፋውን ብትለቅልኝ አግባብቼ አለዋውጣችኋለሁ።»

ጅቡ ምራቁን ዋጠ። ሥጋው አሳሳው፤ ቅናቱ ግን ከረሃቡ ባሰ። «ውሰጂው» አላት።

ማግባባት እንኳ አላስፈለገም። አህያ ሾላውን ቀና ብላ አየችና፣ «እሱ ከወደደ እኔ ደስ ይለኛል» ብላ ቦታውን ለቀቀች።

አያ ጅቦ ዳሱ ደጃፍ ተቀምጦ እንግዶቹን ጠበቀ። ድንጋዩ ጎኑን ወጋው፤ ነፋሱ አሸዋ ዓይኑ ውስጥ ሞጀረበት። ድኩላ መጣች፤ «እመት አህያ የት ሄደች?» ብላ ጠይቃው ወደ ሾላው አለፈች። ጦጣም እንደዚያው። ብዙም ሳይቆይ ሳቁ ከሾላው ሥር ይሰማ ጀመር።

ጅቡ አልቻለም። ተንደርድሮ ሄደና አህያ ፊት ቆመ።

«ቦታዬን መልሽልኝ። አታለሽኛል።»

«እሺ አያ ጅቦ፣ ያንተው ነው» ብላ ተነሣች።

እሷ ስትነሣ ድኩላ ተነሣች፤ ጦጣም ከቅርንጫፉ ወረደች። ዳክዬዎቹ ውሃ ውሃውን ይዘው ወደ ድንጋዩ ዞሩ። አያ ጅቦ ባማረው ሣር ላይ ብቻውን ቀረ።

አህያ ጥቂት ሄዳ ዘወር አለች። «ለምን አብረኸን አትሆንም? ለሁላችንም ይበቃል።»

እግሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው ነበር። ነገር ግን ሁሉም እሷን ከበው፣ እሱ ዳር ላይ ተቀምጦ ታየው። «የእሷ እንግዳ ልሁን?» አለ በልቡ። «እኔ የራሴ ቦታ አለኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ የዕረፍቱ ጊዜ ሳያልቅ ተነሥቶ በባዶ ሆዱ ወደ ጫካው ገባ። ቀበሮ ታፋውን እየጋጠች ከጨዋታው መካከል ተቀምጣ ነበር፤ ቀናም ብላ አላየችው። አህያ ግን መሄዱን አላወቀችም። ድንገት ሐሳቡን ቢለውጥ ብላ፣ እስኪመሽ ድረስ አጠገቧ ቦታ ትታለት ዋለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ቀናተኛ የሌላውን ቦታ መውሰድ ቢችልም ደስታውን ግን መውሰድ እንደማይችል፣ ተካፈል ሲባልም ራሱ በገዛ እጁ እንደሚያጣው ነው።