ዓሣዋ፣ የታችኛው ገንዳና የወይዘሮ ሽታዬ ጥግ

ተረት ተረት ስላችሁ «የዓሣ በረት» በሉኝና ልጀምር።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ፣ ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ጡረተኛ የባቡር ነጂ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ጅቡቲ ሲመላለሱ ኖረው፣ እዚያ ባደሩ ቁጥር ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለው «ይኼ ምንድን ነው? ያኛውስ ምን ይበላል?» እያሉ ውሃውን ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ባቡር መሳፈሩ ቀርቶ የቤታቸውን ደረጃ መውረድ እንኳ ጭንቅ ነው። ባሕሩን ዳግም እንደማያዩት ሲገባቸው ሆድ ባሳቸው።

አንድ ቀን የጥንት ፍሬን ያዣቸው ሮብሌ ከጅቡቲ ሲመለስ ስምንት ጀሪካን የባሕር ውሃ፣ አንድ ጆንያ የባሕር ድንጋይና አንድ ባልዲ ይዞላቸው መጣ። ባልዲው ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ብርቱካንማ ዓሣ ነበረች።

«ጥቂት ባሕር ይኸውልህ» አለ ሮብሌ። «ግን ስማኝ፤ የባልዲው ውሃ ከሦስት ቀን አያልፍም። እስከዚያ ቤት ካልሠራህላት ትሞታለች።»

ጋሽ ይርዳው ለዚህ ቀን ብለው ያስሠሩት የመስታወት ገንዳ ነበራቸው። ውሃውን ገለበጡበት፣ ድንጋዩን ደረደሩበት፣ ከዚያ ባልዲው ላይ ጎንበስ አሉና «በይ ግቢ» አሏት።

ዓሣዋ ወደ ገንዳው አየች። «ውሃው ድፍርስ ነው። ሳይጠራ አልገባም» አለች።

እውነቷን ነው። ጋሽ ይርዳው ወደ ገንዳው ዞሩ። «ገንዳ፣ ገንዳ፣ እባክህ ጥራላት። ዓሣዋ አልገባም ብላለች።»

«ቆሻሻዬን ማን ተቀብሎኝ ነው የምጠራው?» አለ ገንዳው። «ከሥሬ ሌላ ገንዳ ይቀመጥልኝና ሞልቼ የተረፈኝን ልላክለት። እሱ ካልተቀበለኝ አልጠራም።»

ከሥር የሚቀመጥ ገንዳ! ጋሽ ይርዳው ይኼን አስበውት አያውቁም። ወረቀት አምጥተው ሣሉት፤ አንዱ ክፍል ስፖንጅ ይኑረው፣ ሁለተኛው ድንጋይ፣ ሦስተኛው የጠራው ውሃ ማረፊያ ይሁን። ደስ አላቸውና ያን የሚያክል ሌላ የመስታወት ገንዳ ከጓዳ ጎትተው አወጡ።

«የታች ገንዳ፣ የታች ገንዳ፣ ቆሻሻውን ተቀበል። ላይኛው አልጠራም ብሏል፣ ዓሣዋ አልገባም ብላለች።»

«መቀበሉን እቀበላለሁ» አለ የታችኛው ገንዳ። «ካጠራሁ በኋላስ ማን ወደ ላይ ይመልስልኛል? ፓምፕ ካልገፋልኝ አልቀበልም።»

«ፓምፕ፣ ፓምፕ፣ ውሃውን ግፋ። የታችኛው አልቀበልም ብሏል፣ ላይኛው አልጠራም ብሏል፣ ዓሣዋ አልገባም ብላለች።»

«በምን በኩል ልግፋ? በአየር ላይ?» አለ ፓምፑ። ትንሽ ቁጡ ነው። «ቧንቧ ውሃ ካልያዘልኝ አልገፋም።»

«ቧንቧ፣ ቧንቧ፣ ውሃ ያዝ። ፓምፑ አልገፋም ብሏል፣ የታችኛው አልቀበልም ብሏል፣ ላይኛው አልጠራም ብሏል፣ ዓሣዋ አልገባም ብላለች።»

«ሁለት ቁራጭ ሆኜ እንዴት ልያዝ? ጅብሪል ካልለጠፈኝ አልይዝም።»

ጅብሪል የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ጋሽ ይርዳው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በየጥላው እያረፉ ሄዱበት። አንድ ቀን አለፈ።

«ጅብሪል፣ ልጄ፣ ቧንቧውን ለጥፍልኝ። ቧንቧው አልይዝም ብሏል፣ ፓምፑ አልገፋም ብሏል፣ የታችኛው አልቀበልም ብሏል፣ ላይኛው አልጠራም ብሏል፣ ዓሣዋ አልገባም ብላለች።»

«ጋሼ፣ ከፍታውን ሳላውቅ ብቆርጠው ያጥርብዎታል» አለ ጅብሪል። «ቶሎሳ መቆሚያውን ካልሠራ አልለጥፍም።»

ቶሎሳ ደግሞ አናጺ ነው። ሱቁ ማዶ ነው።

«ቶሎሳ፣ ወንድሜ፣ መቆሚያውን ሥራልኝ። ጅብሪል አልለጥፍም ብሏል፣ ቧንቧው አልይዝም ብሏል፣ ፓምፑ አልገፋም ብሏል፣ የታችኛው አልቀበልም ብሏል፣ ላይኛው አልጠራም ብሏል፣ ዓሣዋ አልገባም ብላለች።»

ቶሎሳ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። «የት ነው የሚቆመው?»

«ሳሎን፣ ጥጉ ላይ።»

«እዚያ የወይዘሮ ሽታዬ የጤፍ ጆንያ አይደል እንዴ ያለው? እሳቸው ጥጉን ካልሰጡ እንጨት አልቆርጥም። በኋላ ከእሳቸው ጋር አልጣላም።»

ጋሽ ይርዳው እያነከሱ ቤታቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽታዬ ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ በርበሬ እያሰጡ ነበር።

«ሽታዬ፣ እባክሽ ጥጉን ስጪኝ። ቶሎሳ አልቆርጥም ብሏል፣ ጅብሪል አልለጥፍም ብሏል፣ ቧንቧው አልይዝም ብሏል፣ ፓምፑ አልገፋም ብሏል፣ የታችኛው አልቀበልም ብሏል፣ ላይኛው አልጠራም ብሏል፣ ዓሣዋ አልገባም ብላለች።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ። ቢሆንም የባላቸውን ፊት አዩት፤ እንዲህ ሲጓጉ ካዩዋቸው ቆይተዋል፣ አንጀታቸውን በላቸው። «እንቢ አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል አልክ። መብራት ሲጠፋስ? ላይ ያለው ውሃ የት ይሄዳል? ይኼን ካልመለስክልኝ ጥጌን አልሰጥም።»

ጋሽ ይርዳው ጥያቄውን ይዘው ተነሡ። ዓሣዋን ጠየቁ፤ አታውቅም። ገንዳውን ጠየቁ፣ ፓምፑን ጠየቁ፣ ቶሎሳንም ጅብሪልንም በስልክ ጠየቁ። የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ቀን አለፈ። ዓሣዋ ባልዲው ውስጥ ወደ ላይ እየወጣች አፏን መክፈት ጀመረች፤ ጋሽ ይርዳው ፈሩ።

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ብለዋል» አሉ በሦስተኛው ቀን ጠዋት። «ሰው ካላወቀ ውሃውን ራሱን እጠይቀዋለሁ።»

ግቢ ውስጥ ወንበር አስቀመጡ። ወንበሩ ላይ በውሃ የተሞላ ሌላ ባልዲ፣ ከሥር ግማሽ ድረስ ውሃ ያለው ሳፋ፣ በሁለቱ መሐል የውሃ ጎማ። ላይኛው ገንዳ ባልዲው ነው፣ የታችኛው ሳፋው ነው፣ ቧንቧው ጎማው ነው። ሮብሌ፣ ቶሎሳና ጅብሪል ሊያዩ መጡ። ጋሽ ይርዳው የጎማውን አንድ ጫፍ ባልዲው ውስጥ ነከሩ፣ ሌላውን በአፋቸው ሳቡት፣ ውሃ ሲመጣ በአውራ ጣታቸው ደፈኑት።

«እንግዲህ መብራት ጠፋ በሉ፤ ጣቴን ላነሣ ነው።»

በዚያች ደቂቃ ጎረቤት «ውሃ መጣ!» ብሎ ተጣራ። በዚያ ሰፈር የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ውሃ ከመጣ ባዶ ዕቃ፣ ጎደሎ ዕቃ ግቢ ውስጥ ማየት ነውር ነው። ወይዘሮ ሽታዬ ጆጋቸውን አንሥተው በርሜሉን ሞሉ፣ ጀሪካኑን ሞሉ፣ ማንቆርቆሪያውን ሞሉ። በሳፋው በኩል ሲያልፉ እጃቸው አላስችል አለውና እሱንም እስከ አፉ ሞሉት።

ጋሽ ይርዳው አቀርቅረው ነበርና አላዩም። ጣታቸውን አነሡ። ውሃው ከባልዲው በጎማው ወረደ፣ ሳፋው ገነፈለ፣ ወጥቶ በሰሌኑ ላይ ሄደ። በርበሬው ተንሳፈፈ።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አልነገርኩህም?» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ። «ለመሆኑ ማነው ሳፋውን እስከ አፉ የሞላው?»

ሮብሌ ጆጉን አየ። ቶሎሳ ጆጉን አየ። ወይዘሮ ሽታዬም እጃቸው ላይ ያለውን ጆግ አዩት። አፈሩ፣ ወዲያው ግን ሳቅ ቀደማቸው።

ጋሽ ይርዳው አልሳቁም፤ ያስባሉ። «ሽታዬ፣ መልሱን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። መብራት ሲጠፋ ውሃው ባዶ ቦታ ወዳለበት ይሄዳል። ባዶ ቦታ ካጣ ወደ በርበሬሽ ይሄዳል።»

«እሺ፣ ባዶ ቦታ እንተውለት። ስንት? ላይኛው እስኪደርቅ ከወረደ እኮ የትኛውም ሳፋ አይችለውም።»

ይኼም ጥያቄ ነው። ጋሽ ይርዳው ጎማውን ሲያገላብጡ ቆዩና «ሮብሌ፣ ፉርጎውን ምን ነበር የሚያስቆመው?» አሉ።

«አየር ነዋ» አለ ሮብሌ።

«እንግዲያስ ውሃውንም አየር ያስቁመው» ብለው ጋሽ ይርዳው ምስማር አግለው ጎማው ላይ አየር መግቢያ ቀዳዳ አበጁ፤ ባልዲው ውስጥ ከውሃው ወለል ዝቅ ብሎ እንዲውል አደረጉት። ባልዲውን ሞሉ፣ ሳፋውን አጎደሉ፣ እንደገና ስበው ጣታቸውን አነሡ። ውሃው ወረደ፣ ቀዳዳው ብቅ አለ፣ ጎማው አየር ጎርሶ ጉርር አለ። ቆመ። ሳፋው ገና አልሞላም። ጋሽ ይርዳው ሳፋው ላይ ውሃው የደረሰበትን በከሰል አሰመሩ።

ወይዘሮ ሽታዬ ጎንበስ ብለው መስመሩን አዩት። «ውሰድ ጥጉን» አሉ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ሽታዬ ጥጉን ሰጡ፣ ቶሎሳ እንጨቱን ቆረጠ፣ ጅብሪል ቧንቧውን ለጠፈ፣ ቀዳዳዋንም በሳ፣ ጋሽ ይርዳው በታችኛው ገንዳ ላይም እንደ ሳፋው የከሰል መስመር አሰመሩ፣ ቧንቧው ውሃ ያዘ፣ ፓምፑ ገፋ፣ የታችኛው ተቀበለ፣ ላይኛው እየጠራ፣ እየጠራ መጣ። ከቀትር በኋላ በገንዳው ወዲያ ማዶ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ይነበብ ነበር።

«አሁንስ?» አሉ ጋሽ ይርዳው ባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው።

ዓሣዋ መልስ ሳትሰጥ መብራት ጠፋ።

ሁሉም ወለሉን አየ። ፓምፑ ዝም አለ። ውሃው በሄደበት ቧንቧ ተመለሰ፣ የታችኛው ገንዳ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ቀዳዳዋ ጉርር አለች። ውሃው የከሰሉ መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ወለሉ ደረቅ ነው፤ ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠው የጤፍ ጆንያም ደረቅ ነው። ሲቆይ መብራት መጣ፣ ፓምፑ ተነሣ፣ የወረደው ውሃ ወደ ላይ ተመለሰ።

«አሁን እገባለሁ» አለች ዓሣዋ። ገባችም።

ጋሽ ይርዳው ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ። ዓሣዋ ድንጋዩን ዞረች፣ ከጀርባው ገባች፣ በወዲህ ወጣች። «ምን አገኘሽ እዚያ?» አሏት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ወይዘሮ ሽታዬ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

በሳምንቱ አጋማሽ ጎረቤት «ውሃ መጣ!» ብሎ ተጣራ። ወይዘሮ ሽታዬ ጆጋቸውን አንሥተው በርሜሉን ሞሉ፣ ጀሪካኑን ሞሉ፣ ሳፋውን ሞሉ፣ ማንቆርቆሪያውን ሞሉ። ከዚያ ሳሎን ገቡ። የታችኛው ገንዳ አጠገብ ደረሱ፤ ግማሹ ባዶ ነው። እጃቸው ተነሣ። የከሰሉን መስመር አዩ፣ ከላይ ዓሣዋን አዩ፣ ወንበሩ ላይ ደረታቸው ላይ አቀርቅረው ያንቀላፉትን ባላቸውን አዩ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ውሃ በመጣበት ቀን፣ ጎደሎውን ዕቃ እንደ ጎደለ ትተውት አለፉ።

እናንተም ተረቴን ወደ ታች ላኩት፤ አጣርታችሁም መልሱልኝ።