በሽታ ያልነካው እንሰት

በአንድ ወቅት፣ እንሰት በየጓሮው በሚበቅልበት በአንድ የደቡብ ከተማ፣ በአንድ አማካሪ ሥር የማስተርስ ትምህርታቸውን የሚከታተሉ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። ዝናሽ፣ ሐያትና ዳንጊሶ ይባላሉ። አማካሪያቸው ዶክተር ወልደሰንበት ስለ እንሰት በሽታ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም የሚባልላቸው፣ ምላሳቸው ግን የሚፋጅ ሰው ነበሩ።

ያ ምላስ አብዝቶ የሚያርፈው ዝናሽ ላይ ነበር። የጻፈችውን አንብበው ሲጨርሱ፣ በተማሪዎች ፊት «ይህን የጻፍሽው በእግርሽ ነው?» ይሏታል። ቀጠሮ ሰጥተው በር ላይ ሲያስጠብቋት ይውሉና ሲወጡ እንዳላዩ ያልፏታል። እሷ ትስቃለች። ስቃ መጸዳጃ ቤት ትገባና ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። ቢሆንም ተክልን እንዴት መመልከት እንዳለባት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ማሳ ውስጥ ሲሆኑ ሌላ ሰው ነበሩ፤ ተንበርክከው ሥሩን በጣታቸው እየገለጡ «እዪ፣ ዝም ብለሽ እዪ» ይሏታል።

አንድ ክረምት በሽታው የአንድ መንደርን እንሰት በሙሉ አጠወለገ። ሁሉም ቅጠሉን ጥሎ ሲበሰብስ፣ ዝናሽ በአንድ ጓሮ ጥግ ግንዱ ቀላ ያለ አንድ ዓይነት እንሰት ምንም ሳይሆን ቆሞ አየች። ችግኙን አምጥታ በዩኒቨርሲቲው የሙከራ ማሳ ተከለችው፤ ሆን ብላም በሽታውን አስያዘችው። አጠገቡ ያሉት ሲሞቱ እሱ አልሞተም። ለዶክተር ስትነግራቸው «አጋጣሚ ነው» ብለው አለፉት።

ከወራት በኋላ፣ ዶክተር ወልደሰንበት በአንድ ትልቅ ጉባኤ መድረክ ላይ ወጥተው ያንኑ እንሰት የራሳቸው ግኝት አድርገው አቀረቡት። የዝናሽ ስም አልተነሳም። አዳራሹ አጨበጨበ። ሦስቱ ጓደኛሞች ኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዝናሽም ከሰው ጋር አጨበጨበች።

ያኔ ሐያት ተነሳች። ማንንም አላማከረችም። «ዶክተር፣ ይህን ያገኘችው ዝናሽ ናት። ችግኙን ተሸክማ ስታመጣው አይቻለሁ» አለች።

ዶክተር መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ዝናሽ እዚሁ አለች፤ እሷው ትንገረን። ሥራው ያንቺ ነው?»

ዝናሽ ቆመች። መመረቂያ ጽሑፏ በእጃቸው ነው፤ ሳይፈርሙ አትመረቅም። ያንን አስባ ይሁን ሳታስብ፣ እስከ ዛሬ ራሷም አታውቀውም፤ ብቻ አፏ ቀደማት። «አይ። ሐሳቡ የዶክተር ነው። እኔ ያዘዙኝን ነው የሠራሁት።»

ሐያት ዞር ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ተሳስቶ ሰው ቤት እንደገባ ሰው ነበር የምታያት። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ሐያት የመምህርሽን ስም አጥፍተሻል ተብላ ከትምህርቷ ታገደች። ኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ርዕስ፣ እንደ ምንም ብላ ጨረሰች። ሥራ በጠየቀችበት ሁሉ «ያቺ ከመምህሯ የተጣላችው?» የሚል ወሬ እየቀደማት ትመለስ ነበር። እንሰቱን ዳግም አላየችውም።

ዳንጊሶ ያን ቀን በሁለቱ ሴቶች መሃል ነበር የተቀመጠው። እውነቱን ያውቃል፤ ጫማውን ሲያይ ቆየ። ጉባኤው ካለፈ በኋላ ግን ዶክተር ማሳውን ረሱት፤ እንሰቱ የተገኘበት ጓሮም ለመንገድ ሥራ ተቆፈረ። እሱ በበጋ ከወንዝ ውኃ እያመላለሰ፣ የዶክተርን ስድብ እየዋጠ፣ ችግኙን አራባው። ያ እንሰት ዛሬ ካለ በዳንጊሶ ነው።

ዝናሽ ደግሞ ተመረቀች። በምርቃቷ ቀን እናቷ «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?» ሲሏት «ፀሐዩ ነው» አለች። ፎቶውን አልሰቀለችም። ሰው ስለዚያ እንሰት ባነሳ ቁጥር እስከ ጆሮዋ ይሞቃታል። የሐያትን ቁጥር ከስልኳ ታወጣና፣ ሳትደውል ስልኩን ታስቀምጠዋለች።

ዓመታት አለፉ። በአንድ የምርምር ተቋም የሚሠሩ ፕሮፌሰር እመቤት የተባሉ ሴት፣ ያንኑ እንሰት የሚያጠና አንድ የዶክትሬት ተማሪ እንደሚፈልጉ አስታወቁ። ቦታው አንድ ብቻ ነው። አመልካች ከቀድሞ አማካሪው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያመጣም ጠየቁ።

ዝናሽ ወደ ዶክተር ወልደሰንበት ቢሮ ሄደች። አርጅተዋል። ተነስተው ወንበር ሳቡላት፤ እሱ ራሱ አስደነገጣት።

«መማርሽ ደስ ይለኛል፤ እጽፍልሻለሁ» አሉ። «ብቻ ስለ እንሰቱ ከጠየቁሽ፣ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ያልሽውን ድገሚላቸው።»

«እሱማ እውነት አልነበረም፣ ዶክተር።»

«ማየት ያስተማረሽ ማነው?»

ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤውን ሳትቀበል ወጣች።

በቃለ መጠይቁ ዕለት፣ ሐያትንና ዳንጊሶን ከቢሮው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሦስቱም ለዚያችው ቦታ አመልክተዋል። ሰላምታው ከአንገት በላይ ነበር።

መጀመሪያ ዳንጊሶ ገባ። የዶክተርን መልካም ደብዳቤ አቀረበ። ደብቆ ማለፍ ሲችል ግን የጉባኤውን ነገር ራሱ አነሳው፤ «የማን ሥራ እንደሆነ አውቄ ዝም ብያለሁ። ተክሉን ግን ያተረፍኩት እኔ ነኝ። ሞቶ ቢሆን ዛሬ የምንወዳደርበት ነገር አይኖርም ነበር» አለ።

ቀጥላ ሐያት ከኋለኛው አማካሪዋ ያገኘችውን ደብዳቤ ይዛ ገባች። «ስለ እንሰት የማውቀው ከሁለቱ ያነሰ ነው» አለች። «የማጠናበትን ጊዜ የተቀማሁት እውነት ስለተናገርኩ ነው። ያንን ደግሞ እንደ ጉድለት ሊቆጥሩብኝ አይገባም።»

በመጨረሻ ዝናሽ ገባች።

«ደብዳቤሽ የታለ?» አሏት ፕሮፌሰሯ።

«የለኝም። እንሰቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ግን በሰው ፊት ክጄዋለሁ። እውነቱን የተናገረችልኝን ጓደኛዬን ውሸታም አስብያታለሁ። ውጭ ተቀምጣለች።»

ፕሮፌሰር እመቤት ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ዛሬ የምትነግሪኝ ጸጽቶሽ ነው ወይስ ቦታውን ፈልገሽ?»

«አላውቅም» አለች ዝናሽ። ከተናገረችው ሁሉ አንገቷን ያስደፋት ይህ መልስ ነበር፤ በእርግጥም አታውቅም።

ስትወጣ ሐያት ፊት ሄዳ ቆመች። «ሐያትዬ፣ ነግሬያቸዋለሁ። ይቅር በይኝ።»

«መንገርሽ ጥሩ ነው» አለች ሐያት። «ያኔ ግን ላንቺ ብዬ ቆሜ ነበር።» ዳንጊሶ ቦታ ሊለቅላት ጠጋ አለ፤ ዝናሽ ግን መቀመጥ አቃታት።

ፕሮፌሰሯ መወሰን ቸግሯቸው ባልደረቦቻቸውን ሰበሰቡ። አንዱ «እሷ ባታየው ማን ያየው ነበር? ለዝናሽ ይሰጥ» አለ። ሌላው «የካደችውን ሥራ በምን አፏ ትጠይቃለች? ዋጋውን የከፈለችው ሐያት ናት» አለ። ሦስተኛው «ተክሉን ያቆየው እያለ ስለ አዳራሽ ወሬ ምን አከራከራችሁ?» አለ። ሳይስማሙ መሸ።

እናንተም የሰማችሁ ፍረዱ፤ አንዷ አየች፣ አንዷ መሰከረች፣ አንዱ አተረፈ። ቦታው የሚገባው ለማን ነው?