የአያ ጥጋቡ ላምና የግራዝማች ጉድጓድ

ይህን ያጫወቱኝ የአክስቴ ባል ናቸው፤ እሳቸው ካባታቸው ሰሙት፤ አባታቸው ከማን እንደሰሙት ግን አይታወቅም። ውሸት ካለበት ኃጢአቱን ለአራት እንካፈላለን።

ደረቅ ወይራ በሚባል ቆላ አያ ጥጋቡ የሚሉት ምላሱ የተሳለ ሰው ነበር። ሀብቱ አንዲት ቡሬ ላም ናት፤ ልጆቹ የሚያድሩት በእሷ ወተት ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት ወንዙ ደረቀና ውሃ ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ሆነ፤ የግራዝማች ደምለው ጉድጓድ። ግራዝማች ደግሞ ዙሪያውን በእሾህ አሳጠሩት። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ እስካሁን ያናድደኛል።

በዚያ ሰሞን አንድ የጨው ነጋዴ በመንደሩ ሲያልፍ የአያ ጥጋቡን ላም አየ። ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል። “ያንተ ስም ጥጋቡ፣ ላምህ በረሃብ ልትሞት፤ ይኼ እንዴት ያለ ነገር ነው?” አለው።

«ስም የምታወጣ እናት ናት፤ ሳር የሚያወጣ እግዜር ነው።»

በማግስቱ ላሚቱን እየነዳ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ግራዝማች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በቅሎቻቸውን ያስጠጣሉ። እጅ ነሥቶ ለላሚቱ ጥቂት ውሃ ለመናቸው። “እምቢ!” አሉ። ላሚቱ የውሃው ሽታ ደርሷት ኖሮ ወዲያው “እምቧ” ብላ ጮኸች። ግራዝማች ተቆጡ። “እኔ ስናገር መሃል የምትገባው ምን ስትል ነው?”

«አይቆጡ ጌታዬ፤ እምቢ ሲሉ ሰምታ የዘመድ ድምፅ መስሏት ነው።»

የግራዝማች ሚስት ወይዘሮ የሹመቤት ከባላቸው የባሱ ቆጥቋጣ ነበሩ። ያንኑ የእሾህ አጥር እንዲጠግን አያ ጥጋቡን አስጠርተው ሲያለፉት ዋሉ። ማታ ወተት ነው ብለው በዋንጫ ሰጡት። ውሃው ከመብዛቱ የተነሣ ነጭ የሆነው በግድ ነው። ዋንጫውን ይዞ ውስጡን አየት አደረገ። “ምነው፣ አትጠጣም እንዴ?” አሉት።

«እመቤቴ፣ ይፍቀዱልኝና ላሜን ልጥራት፤ ውሃ ስትፈልግ ነው የከረመችው።»

ላሚቱ ግን ከዚያ ወዲያ የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም። አንድ ቀን አጥሩን ጥሳ ገብታ እስክትጠግብ ጠጣች። ግራዝማች አስያዟትና ጌታዋን ከዳኛ ፊት አቆሙት። ያ ሁሉ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ያን ቀን ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ላሚቱ ከሄደች ልጆቹ የሚቀምሱት የለም።

ከጎረቤት ተበድሬ በግ ልካስ ቢል ግራዝማች አሻፈረኝ አሉ። ማር ቢል አሻፈረኝ። “የጠጣችውን ያንኑ ውሃዬን ትመልስልኝ። ሌላ ውሃ አልቀበልም። ካልመለሰች ላሟን እወስዳለሁ” አሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ግን ግራዝማችን ማን ይናገራቸዋል። ዳኛውም አንገታቸውን ደፍተው፣ “እንግዲህ እንደ ቃላቸው ይሁን። ጀምበር ሳትጠልቅ ያው ውሃ ከተመለሰ ላሟ ላንተ፤ ካልተመለሰ ለግራዝማች” ብለው ፈረዱ።

አያ ጥጋቡ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ።

«ፍርዱን ተቀብያለሁ ጌታዬ፤ ግራዝማች እንስራቸውን ይዘው ከላሚቱ ኋላ ይቁሙልኝ።»