እግዜር ይስጥሽ፣ በማን በኩል?

ተረት ልጀምር ነው። ወሬ የያዛችሁ ወሬያችሁን አሳድሩ፤ ግራ መጋባት የማይከፋው ብቻ ቀረብ ይበል። በእኛ አገር ሰው ሲሰጡት «እግዜር ይስጥህ» ይላል፤ ሲለምኑትና መስጠት ሳይፈልግም «እግዜር ይስጥህ» ይላል። የቱ ምስጋና፣ የቱ ማሰናበቻ እንደሆነ እኔ እስከ ዛሬ በቅጡ አልለየሁትም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደግሞ ከእኔ ትብሳለች፤ እሷ የሰማችውን ሁሉ እንዳለ ታምናለች።

የማንጠግቦሽ ልጅ ደብሪቱ ትናንት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ምጡ አድክሟታል። ገንፎው ተሠርቶ ቀርቧል፤ ግን ቅቤ የለውም፤ ደረቁ ገንፎ ደግሞ አልዋጥ አላት። ካልበላች ጡቷ አይሞላም፤ ጡቷ ካልሞላ ሕፃኑ ምን ይጠባል? ሲያለቅስ አድሮ ድምፁ መድከም ጀምሯል። ማንጠግቦሽን ያስፈራት ይሄ ነው። የፈለገችው አንድ ማንኪያ ቅቤ ብቻ ነበር። ጋቢዋን ደርባ ወጣች።

ጎረቤቷ ይመኙሻል ላም አላት። «እህትዓለም፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ ስጪኝ» አለቻት።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች ይመኙሻል።

«አሜን። በማን በኩል?»

ይመኙሻል እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። በሩን ልትዘጋ የነበረች ሴትዮ መዝጊያውን እንደያዘች ቀረች። «እኔ እንጃ» አለች፤ «መናጫው አልሞላም፣ ላሚቱ አልታለብም ብላለች። በላሚቱ በኩል ይሆናላ።»

ማንጠግቦሽ ወደ በረቱ ሄደች። ላሚቱ አትታለብ፣ መናጫው አይሞላ፣ ቅቤ የለ፣ ደብሪቱ አትበላ፣ ሕፃኑ ዝም አይል።

«ወተት ስጪኝ» ብትላት፣ «እግዜር ይስጥሽ» አለች ላሚቱ። ላም ታወራለች ወይ አትበሉኝ፤ ሰው ካናገራት ምን ታድርግ?

«አሜን። በማን በኩል?»

ላሚቱ ማመስኳቷን አቆመች። «የማመሰኳው ከትናንት ወዲያ የበላሁትን ነው። ሣር ያለው አያ ጓንጉል ነው። በእሱ በኩል ይሆናል» አለች፤ እሷም እርግጠኛ አልነበረችም።

ማንጠግቦሽ ወደ ጓንጉል መስክ ወረደች። ሣሩ ላሚቱን አያጠግብ፣ ላሚቱ አትታለብ፣ መናጫው አይሞላ፣ ቅቤ የለ፣ ደብሪቱ አትበላ፣ ሕፃኑ ዝም አይል።

የአያ ጓንጉል ሣር ወገብ ይደርሳል፤ በእጅ የነጨው ሰው ግን ጣቱን ይቆረጣል። «ማጭዴ ተሰብሯል እኮ» አለ ጓንጉል። «እግዜር ይስጥሽ።»

«አሜን። በማን በኩል?»

ጓንጉል ሰማዩን አየ፣ መሬቱን አየ። «ይሄን ቄሱን አትጠይቂም? እኔ ምኑን አውቄ? ማጭድ የሚሠራው በሪሁን ነው፤ እስቲ እሱን ሞክሪው።»

በሪሁን ቀጥቃጭ ነው፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ማንጠግቦሽ ወንዙን ስትሻገር የሄደችበትን ለራሷ ብትደግመው ተምታታባት፤ ከላሚቱ ጀምራ ደብሪቱ ላይ ደረሰች፣ ከደብሪቱ ጀምራ ላሚቱ ላይ ደረሰች። በመጨረሻ ያዘችው። ማጭዱ ሣሩን አያጭድ፣ ሣሩ ላሚቱን አያጠግብ፣ ላሚቱ አትታለብ፣ መናጫው አይሞላ፣ ቅቤ የለ፣ ደብሪቱ አትበላ፣ ሕፃኑ ዝም አይል።

«ወናፌ ተቀዷል» አለ በሪሁን፤ «ካልነፋሁ እሳት የለኝም። የምለጥፍበት ቁርበት አጣሁ። እግዜር ይስጥሽ።»

«አሜን። በማን በኩል?»

በሪሁን ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እሱም ሳቁን ዋጠ። «ቁርበት ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አባባ ውብሸት ተቀምጠውበታል።»

«የኔ ቢጤው?»

«እሳቸው።»

ማንጠግቦሽ ግራ ገባት። ከለማኝ ይለመናል እንዴ? ግን ወናፉ እሳቱን አይነፋ፣ እሳቱ ማጭዱን አያግል፣ ማጭዱ ሣሩን አያጭድ፣ ሣሩ ላሚቱን አያጠግብ፣ ላሚቱ አትታለብ፣ መናጫው አይሞላ፣ ቅቤ የለ፣ ደብሪቱ አትበላ፣ ሕፃኑ ዝም አይል። ሄደች።

አባባ ውብሸት በታኅሣሥ ንፋስ፣ በሳሳ ሸማ፣ የፍየል ቁርበታቸው ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ቁርበትዎን ይስጡኝ» አለቻቸው።

«ከእኔ?» አሉ አባባ ውብሸት። ሌላ ሰው ያናገረች መስሏቸው ዞር ዞር ብለው አዩ። «ከእኔ ለምኖ የሚያውቅ የለም። ውሰጂው ልጄ። ብቻ መሬቱ ብርድ ነው፤ የምደርበው ነገር ትሰጪኛለሽ?»

ያላት ጋቢዋ ነው። ጥጡን ራሷ ፈትላ ያሠራችው፣ ሌላ የላትም። ሳታስበው ከአፏ አመለጣት፤ «እግዜር ይስጥዎ አባባ።»

«አሜን» አሉ። «በማን በኩል?»

ማንጠግቦሽ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ይመኙሻል እንዳትል ከይመኙሻል ነው የመጣችው፤ በሪሁን እንዳትል ከበሪሁን ነው የመጣችው። ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ማንም የለም።

«ለነገር ብዬ አይደለም» አሉ አባባ ውብሸት። «ሁሉም ይህን ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። በማን በኩል እንደሚሰጠኝ ግን የነገረኝ የለም።»

ማንጠግቦሽ አፈረች፤ ትንሽም ተናደደች። ጋቢዋን አውልቃ ደረበችላቸው። ብርዱ ወዲያው አገኛት።

አባባ ውብሸት ቁርበቱን ሰጡ፣ ቁርበቱ ወናፉን ደፈነ፣ ወናፉ እሳቱን ነፋ፣ እሳቱ ማጭዱን አጋለ፣ ማጭዱ ሣሩን አጨደ፣ ሣሩ ላሚቱን አጠገበ፣ ላሚቱ ታለበች፣ መናጫው ሞላ፣ ቅቤው ወጣ። የተለመነው አንድ ማንኪያ ነበር፤ ይመኙሻል ግን ቅል ሙሉ ይዛ መጣች። ለምን እንዲህ እንዳበዛችው ብትጠየቅ እሷም አታውቅም። ደብሪቱ በላች፣ ጡቷ ሞላ፣ ሕፃኑ ጠባ፣ ዝም አለ። የተረፈውን ገንፎ ጓንጉልም በሪሁንም አባባ ውብሸትም ቀመሱ፤ እንደገናም ተረፈ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ደብሪቱ ቀና አለች። «እማዬ፣ ጋቢሽስ? እየተንቀጠቀጥሽ እኮ ነው።»

«ለአባባ ውብሸት እግዜር ሰጣቸው።»

«በማን በኩል?»

ማንጠግቦሽ «እኔ እንጃ ልጄ» አለች። «እኔ ብቻ እዚያ ቆሜ ነበር።»

ተረቴን ጨረስኩ፤ የገባው ላልገባው ያካፍል።