ጀመዓው የዋጠው አሚን

ነገሩ የሦስት መቶ ብር ነገር ነበር። ያውም የዚያን ዘመን ብር፣ ድንጋይ ላይ ሲጥሉት የሚጮኸው፣ አሥሩ አንድ ጥሩ የእርሻ በሬ የሚገዛው። ይህ ሁሉ ገንዘብ በአንዲት ቃል የሄደባት ከተማ ዛሬም አለች፤ ስሟን መጥራት ግን ለማንም አይጠቅምም። የድሮ የገበያ ከተማ ናት፤ መግቢያዋ ላይ ቀረጥ የሚሰበሰብበት ኬላ፣ መካከሏ ላይ የሣር ክዳኑ የበሰበሰ መስጊድ ነበራት።

ሐጂ ዘይኑ በዚያች ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። የሰው ጨው በጀርባው ተሸክሞ ጀምሮ፣ የራሱን በቅሎ ገዝቶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ መካ ደርሶ ተመለሰ። የመስጊዱን የውዱእ ገንዳ ያሠራውም እሱ ነው። ዳሩ ግን ከገንዳው ተጣጥቦ የሚነሳ ሁሉ ክንዱ ሳይደርቅ የሸህ ሚስባሕን እጅ ሊስም ይሮጥ ነበር። ሸህ ሚስባሕ አንዲት ድንጋይ እንኳ አላሠሩም። ያላቸው አንድ አሮጌ ጋቢና ሐሙስ ሐሙስ ሰው የሚሰበሰብበት ሰፊ ቤት ብቻ ነው። ሐጂ ዘይኑ ይህን ባየ ቁጥር ደረቱ ውስጥ ፍም ይነድ ነበር። ሐሰድ፣ ማለትም ምቀኝነት መሆኑን ያውቃል፤ ለራሱ ግን «ለፍትህ ብዬ ነው» ይለው ነበር።

የሐሙሱ ስብስብ ወዳጃ ይባላል። የተቸገረ ይነሳል፣ ችግሩን ይናገራል፣ ጀመዓው እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይልለታል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ አንድ ደንብ አለ፦ በወዳጃ የተነሳ ሰው አይቋረጥም።

በአንዱ ሳምንት ዙበይዳ የምትባል በርበሬ ነጋዴ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከሐጂ ዘይኑ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ ታማርር ጀመር።

«ስገባ ይቀርጡኛል፤ እሺ፣ ደንብ ነው ልበል። ሳይሸጥልኝ ይዤው ስወጣ ደግሞ መልሰው ይቀርጡኛል። በርበሬው ሳይሸጥ ኬላው በላው እኮ ሐጂ!»

«ታዲያ ሐሙስ ወዳጃ ላይ ለምን አትናገሪም?»

«ኧረ በአላህ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉ አልሰሙም?»

«ዝም ባለ አፍ እንጀራም አይገባም። ተነሽና ተናገሪ። ማንም አያቋርጥሽም።»

ሐጂ ዘይኑ ያልነገራት ነገር ነበር። በዚያ ሐሙስ የገዥው ምስለኔ ለመስጊዱ የቆርቆሮ ጣሪያ መግዣ ሦስት መቶ ብር ይዞ ወዳጃው ላይ እንደሚመጣ ሰምቷል። ሴትዮዋ ገዥውን ስትከስ ሸህ ሚስባሕ አሚን ካሉ ጣሪያው ይቀራል፤ ካላሉ ደግሞ ስማቸው ይቀራል። በየትም በኩል ቢሆን የሚጎድሉት ሸሁ ናቸው። ሐጂ ዘይኑ በዚያ ሳምንት እንቅልፉ ጥሩ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ምስለኔው ከሸህ ሚስባሕ ጎን ተቀምጦ የብሩን ከረጢት ከፊቱ አኖረ። ለገዥው ዕድሜና ጤና ዱዓ ሲደረግ የአሚኑ ድምፅ ምሰሶውን አነቃነቀ። ከዚያ ዙበይዳ ከሴቶቹ በኩል ተነሳች።

«ያ ጀመዓ፣ ዱዓ አድርጉልኝ። ባልቴት ነኝ። በርበሬዬን ስገባም ስወጣም ይቀርጡኛል። ኬላ ጠባቂው ‹ገዥው ያዘዘኝ ነው› ይላል። ያዘዘው እሱ ከሆነ አላህ ልቡን ያቅናው፤ እምቢ ካለ ግን አላህ እንደኔ ባዶ ስልቻ ያሸክመው።»

 የተዘረጉት እጆች ከዘረጓቸው ሰዎች ጋር ደረቁ። አንዱ ሳለ፣ ሌላው ጥምጣሙን አስተካከለ። አሚን የሚባለውን ቃል ሁሉም ዋጠው። ሐጂ ዘይኑ የሚያየው የሸሁን ከንፈር ብቻ ነበር።

«አሚን» አሉ ሸህ ሚስባሕ። ጮኸውም አልነበረም።

ምስለኔው ፊቱ ተለዋወጠ። «ሸህ፣ ይሄ ዱዓ ነው ስድብ? በአላህ ስም በተሰበሰበ ቤት ገዥ መዝለፍ ዲኑንስ መድፈር አይደለም?»

«ወደ ሰው ብትጮህ ስድብ ነበር፣ ጌታዬ። እሷ ግን እጇን የዘረጋችው ወደ አላህ ነው።»

«እሺ። እኔ ጣሪያ ይዤላችሁ መጥቼ እርግማን ይዤ አልመለስም። ‹አፌ ስቶኝ ነው› ይበሉና ብሩ እዚሁ ይደር።»

ሸህ ሚስባሕ ከረጢቱን አዩት። የክረምቱን ፍሳሽ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ የሚሰግዱት በሚያፈሰው ጥግ ነው።

«አሚን አይመለስም፣ ጌታዬ። ከአፌ ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ሄዷል።»

ምስለኔው ከረጢቱን አንስቶ ወጣ። የብሩ ድምፅ እስከ ደጅ ተሰማ። ሐጂ ዘይኑ «አለቀላቸው» ብሎ የጀመዓውን ፊት ሲቃኝ ግን ያየው ሌላ ነው፤ ሰዎቹ ሸሁን ከትናንት አብልጠው ያዩዋቸዋል። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የሸሁን ጋቢ ጫፍ ሳሙ። ያን ጊዜ በሐጂ ዘይኑ ደረት ያለው ፍም ነበልባል ሆነ፤ ሳያስበው ብድግ አለ።

«ለኔም ዱዓ አድርጉልኝ! የመስጊዳችንን ጣሪያ በአንዲት ሴት ምላስ የለወጠብንን ሽማግሌ አላህ ከላያችን ያንሳልን!»

ቤቱ ታመሰ። «አስተግፊሩላህ!» «አስወጡት!» «ጫቱ ነው የሚያናግረው!» አንዱ ጋቢውን ጎተተው፣ ሌላው አፉን ሊይዝ እጁን ሰነዘረ።

«ልቀቁት» አሉ ሸህ ሚስባሕ። «ዙበይዳን ያስጨረስን ሰዎች ዘይኑን ልናቋርጥ ነው? ጨርስ፣ ሐጂ።»

ሐጂ ዘይኑ ለመቋረጥ እንጂ ለመጨረስ አልተሰናዳም ነበር። ቢያቋርጡት ኖሮ የሚለው ብዙ ነበረው። አሁን ቤቱ ሁሉ ሲጠብቀው ከአንዲት ቃል በቀር ሌላ አጣ።

«ጨርሻለሁ» አለ ዝቅ ብሎ።

«አሚን» አሉ ሸህ ሚስባሕ፤ ሁለቱን እጆቻቸውን አንስተው ፊታቸውን አበሱ።

«ይሄንንስ እኛ አንልም!» አሉ የሸሁን ጋቢ የሳሙት ሽማግሌ።

«አትበሉ። ማለት ግዴታ የለባችሁም። የተከለከለው ማቋረጥ ነው።»

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሐጂ ዘይኑ ከበሩ አጠገብ ቀረ። ጫማውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ሸህ፣ ሴትዮዋን የላክኋት እኔ ነኝ።»

«ላኪውን አላህ ያውቀዋል። በደሉ ግን የራሷ ነበር፤ ያንን አንተ አላበጀኸውም።»

«ታዲያ በራስዎ ላይ አሚን የሚሉት ምን ነክቶዎት ነው? እኔኮ ከምቀኝነት ነው የተናገርኩት።»

ሸህ ሚስባሕ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «በገዥው ላይ ያልኩትን አሚን በራሴ ላይ ካልደገምኩት፣ ያ ጠብ ነበር እንጂ ዱዓ አልነበረም» አሉና ለሶላት ተነሱ።

ይህን ቃል የሚመዝን ሰው ክብደቱን ያገኘዋል። የሌላው ስም ሲነሳ ደፋር መሆን ብዙ አያስከፍልም፤ ጭብጨባም አለበት። ሰው ንግግርን መውደዱ የሚታወቀው የራሱ ስም ሲነሳ ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ «ዲን ተደፈረ» ብሎ የሚጮኸው ሰው የተደፈረበት ዲኑ ሳይሆን የራሱ ኪስ፣ የራሱ ወንበር፣ እንደ ሐጂ ዘይኑም የራሱ ቅናት ነው። አላህ በባልቴት ብሶት አይጎድልም፤ በዝምታም አይጨምርም። የሚጎድለው ብሶቷን ሰምቶ ቃሉን የዋጠው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ተዘጋ። ሦስት መቶ ብሩ አልተመለሰም። ጀመዓው ሦስት ክረምት በሚያፈስ ሣር ስር ሰገደ። ገዥው ሸህ ሚስባሕን ከገበያ ሽምግልና አወረዳቸው፤ ለሽምግልናው በዓመት የሚያገኙት እህልም ቀረ። በሌላ በኩል የዙበይዳ ብሶት ገዥው ጆሮ ደርሶ ኬላው ላይ ሲወጡ የሚከፈለው ቀረጥ ቆመ፤ ያውም ለበርበሬ ብቻ፤ ማር ነጋዴዎች አንድ ዓመት ከርመው፣ እነሱም በወዳጃ ተነስተው ነው የተነሳላቸው። ሐጂ ዘይኑ ለጣሪያው ሰባ ብር አዋጣ፤ ማዋጣቱንም ላልጠየቀው ሁሉ ተናገረ። ሐሰዱ ጨርሶ ለቀቀው የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው፤ የሸሁ እጅ ሲሳም ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞሩን እስኪሞት አልተወም። ነገር ግን አንዳንድ ሐሙስ ተነስቶ «ለልቤ ዱዓ አድርጉልኝ» ይል ጀመር፤ ማንም አላቋረጠውም።

የከተማው ሰው ወጪና ገቢውን ደምሮ «አትርፈናል» አለ። በሚያፈሰው ጥግ የሰገዱት ሽማግሎችም እንዲሁ አሉ፤ እነሱ ግን ጥቂት አመንትተው ነው።